ቀለም ከመደረባችሁ በፊት ግድግዳውን በላስቲክ ፈትሹት

የግድግዳችሁ ቀለም እያበጠ እየተላጠ ካስቸገራችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ብላችሁ ሌላ ቀለም አትደርቡበት። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቀለሙ ሳይሆን የእርጥበቱ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንዱን ክፍል ሁለቴ ቀብቼዋለሁ፣ ሁለቴም እዚያው ቦታ ላይ አበጠ።

አንድ ክንድ የሚያህል ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ግድግዳው ላይ አድርጉና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አሽጉት። ለ24 ሰዓት፣ ከቻላችሁ ለ48 ተዉት። ግድግዳው ጋ ባለው በኩል ላብ መስሎ ጠብ ጠብ ካለ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው፤ የሚያፈስ ቧንቧ ወይም ውጭ በኩል የተሰነጠቀ ልስን ፈልጉ። ወደ ክፍሉ ባለው በኩል ከረጠበ ግን የምግብና የሻወር እንፋሎት ነው፣ መስኮት መክፈት ብዙ ይረዳል።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ካያችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

ስቱኮውም (ከቀለም በፊት የሚቀባው ማለስለሻ) ቀለሙም ግድግዳው በደንብ ከደረቀ በኋላ ይሁን። ቤቱ በጣም የቆየ ከሆነ ደግሞ የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል አቧራው አደገኛ ነው፤ በደረቁ አትፋቁት፣ ልጆችንም ከክፍሉ አርቁ።