ስልክ መርዶ ነጋሪ እንዳይሆን

በአገራችን መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው። ዘመድና ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ ሐዘንተኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይሄዳል፤ በምሽት አይነገርም፤ ሕመምተኛ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ማን እንደሚነግራት ተመክሮበት ይወሰናል፤ ለቅሶው ሲነሣ የሚይዝና የሚደግፍ ሰው አጠገብ አለ። ይህ ልማድ የአእምሮ ጤና ጥበቃም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ድንገተኛ ሐዘን ሰውን አብልጦ የሚጎዳው ብቻውን ሆኖ ሳይዘጋጅ ሲደርስበት ነውና። ዛሬ ግን ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ የቀኑን ሥራ ጨርሳ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጋደም ብላ ፌስቡክ ስትከፍት፣ የእናቷን ፎቶ ከሻማ ምስል ጋር፣ ከሥሩም የተደረደረውን «ነፍስ ይማር» ልታገኝ ትችላለች። የለጠፈው የአክስቷ ልጅ ክፉ አላሰበም፤ ያልነገሯት ሰው መኖሩን ግን አልጠየቀም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ የተባለው ቡድን ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ሲገድል የሚያሳይ ቪዲዮ ባሰራጨ ጊዜም፣ አዲስ አበባ ቂርቆስ ያሉ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሞት ያወቁት ፊታቸውን ከተሰራጨው ምስል ላይ ለይተው ነበር።

ስለዚህ ሞት በደረሰ ጊዜ ቤተሰቡ ከድንኳኑና ከቀብሩ ጉዳይ እኩል ሊያስብበት የሚገባው ነገር ማን ገና እንዳልሰማ ነው። ሐዘኑ እምብዛም ያልከበደበት አንድ ዘመድ ኃላፊነቱን ይውሰድና በአካል ሊነገራቸው የሚገቡትን ሰዎች በወረቀት ይጻፍ፤ በቅድሚያም ውጭ አገር ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ ሕመም ያለባቸውንና በቅርቡ ሌላ ሐዘን የደረሰባቸውን። ይኸው ሰው ለጎረቤትና ለወዳጅ «ለልጆቹ እስክንነግር ድረስ ማንም እንዳይለጥፍ» ብሎ በግልጽ ያሳስብ። የእድሩንም ጸሐፊ ማነጋገር ያስፈልጋል። ቀድሞ የጡሩምባ ነፊው ድምፅ ከሰፈሩ አያልፍም ነበር፤ የእድሩን የቴሌግራም ግሩፕ ግን ሪያድም ቶሮንቶም ያሉ የሰፈሩ ልጆች ያነቡታል። እድሮች የሟችን ስም በግሩፕ ከማውጣታቸው በፊት የቤተሰቡን ፈቃድ መጠየቅን በመተዳደሪያ ደንባቸው ቢያስገቡ መልካም ነው።

ቀጥሎ በዚያው ከተማ ያለ መርዶ ነጋሪ ይፈለጋል፤ አብሮ አደግ፣ አብራ የምትኖር ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ የመስጊዱ ኢማም ወይም የኮሚዩኒቲው ሽማግሌ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱንም አስሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ዲሲ ገና በዋዜማው፣ እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው፤ በማለዳ ነገርን ብለን ስንደውል በሌሊት መንገራችን ይሆናል። በዓረብ አገር በአሠሪዋ ቤት ለምትኖር ልጅ፣ ቋንቋ የሚችል ሰው አስቀድሞ ለአሠሪዋ አስረድቶ ቢያንስ የአንድ ቀን ፋታና ወገኖቿ የሚመጡበትን ፈቃድ ቢጠይቅላት ይበጃል።

መርዶ ነጋሪው እስኪደርስ ድረስ ዘመድ ከመደወልና መልእክት ከመላክ ይቆጠብ። አንዲት ልጅ በአንድ ጠዋት ከአምስት ዘመድ ያልተጠበቀ ጥሪ ከደረሳት፣ ወይም «አይዞሽ፣ በርቺ» የሚል መልእክት ከመጣላት መርዶው ተነግሯታል ማለት ነው፤ ፕሮፋይልን በሻማ መቀየርም እንዲሁ።

የሚሄዱት ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ተቀምጣ፣ ከተቻለም እህል ቀምሳ፣ ምድጃውም መኪናውም ቆሞ ይነገራት። «ትንሽ አሟቸዋል» ብሎ ማለዘብ የቆየ ልማዳችን ነው፤ አሁን ግን ያንን ተናግሮ መሄድ አደገኛ ነው፤ በሩ እንደተዘጋ ስልኳን ከፍታ እውነቱን ብቻዋን ታገኘዋለችና። ማለዘቡም እውነቱም በዚያው መቀመጫ ላይ ይለቅ፤ በመጨረሻም «እናትሽ ዐርፈዋል» የሚለው ቃል በግልጽ ይነገር። ቢያንስ አንድ ሰው አብሯት ይደር፤ የሚደውሉትንም በፈቃዷ ሌላ ሰው ይመልስላት።

አንዳንድ ቤተሰብ «ፈተናዋን ትጨርስ»፣ «ሥራዋን እንዳትለቅ» እያለ ለወራት ይደብቃል። ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም አልደግፈውም። የአባቷን አርባ ሳታወጣ፣ ከወገን ጋር ሳታለቅስ ወራት ያለፉባት ልጅ ከሐዘኑ ላይ የመታለል ስሜት ይጨመርባታል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቧ «ሁላችንም ደህና ነን» ሲላት አታምንም። በዚህ ዘመን መዘግየት የሚቻለው ሰው አግኝቶ እስኪላክ ድረስ ብቻ ነው።

ቀብሩን በቪዲዮ ጥሪ ማሳየትን በተመለከተ ውሳኔው የሐዘንተኛዋ ይሁን። ማየት ከፈለገች አጠገቧ ሰው ይኑር፤ ካልፈለገች ደግሞ ተቀርጾ ይቀመጥላትና በጠየቀች ጊዜ ይሰጣት። በአደጋ ወይም በግጭት የሞተ ሰው የአስከሬን ምስል ግን ለማንም አይተላለፍ። በቴሌግራም ግሩፖች እንዲህ ያለ ምስል ሳይጠሩት እንዳይመጣ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብቶ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» በሚለው ሥር ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትን ማጥፋት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ መርዶውን ከስልክ ያየ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሂዱ፣ ሌላው ይቆይ። ያየው ምስል ደጋግሞ ሲመጣበት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሲደነግጥ ወይም እንቅልፍ ሲነሣው ልታዩ ትችላላችሁ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ የሚያስገርም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን ችሎ ተመዝግቧል፤ ከ6 ወር በላይ የዘለቀ፣ ከኅብረተሰቡ ልማድ በግልጽ ያለፈና ኑሮን ያሰናከለ ሐዘን የሕክምና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። ስለ መሞት የሚናገር ሰው ካለ ግን ወር አይቆጠርም፤ ብቻውን ሳይተዉ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መውሰድ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ሊሄድ ይችላል።

የሟቹ የፌስቡክ ገጽም እንዲሁ አይተው። ቤተሰቡ የሞት ማስረጃ አያይዞ ሲጠይቅ ፌስቡክ ገጹን ወደ መታሰቢያነት ይቀይረዋል፤ ከዚያ በኋላ የልደቱ ቀን በደረሰ ቁጥር «እንኳን አደረሰህ በሉት» የሚለው ማስታወሻ ለእናቱና ለእኅቶቹ አይላክም።