ሰው ሲስባችሁ ጡንቻችሁ ለምን ይብስበታል? ችግርና መፍትሄ

አንድ ዓመት ስቅለት ዕለት ስሰግድ ዋልኩ። ማታ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ጠብጠብ አድርገው የጨመሩልኝንም ሰግጄ ቤት ገባሁ። በማግስቱ፣ ቀዳም ስዑር፣ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ታፋዬ ድንጋይ ሆኗል፣ ቋንጃዬ እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል፣ ደረጃውን የወረድኩት ግድግዳ ይዤ በጎን በጎን እያልኩ ነው። ይሄን ያየ የአክስቴ ልጅ "ና ተኛ፣ እኔ ልሳብህ" አለኝ። ኳስ ተጫዋች ስለሆነ አመንኩት። እግሬን ሽቅብ አነሳና በትከሻው ይገፋው ጀመር። "ቻለው! ቻለው!" ይላል። ቋንጃዬ ላይ የሆነ ነገር ጧ አለ። በሁለተኛው ቀን ታፋዬ ከኋላ ጠቆረ፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት አነከስኩ።

ፊዚዮቴራፒስት ጋር የተመላለስኩት ያኔ ነው። በሰው እየታገዙ መሳሳብ የሚባለው ነገር ራሱ ጥፋት እንደሌለበት የገባኝም እዚያ ነው። ጥፋቱ አሳሳቡ ላይ ነው። የሚስባችሁ ሰው ትልቁ ሥራው ይዞ መጠበቅ ነው፣ ጉልበት ማሳየት ከፈለገ ውኃ ይቅዳልን። ከዚህ በታች ከራሴም፣ ማታ ማታ አብረውኝ ከሚሮጡትም ያየኋቸውን ችግሮች ጽፌያለሁ።

ትናንት ብዙ ሠርቼ ዛሬ ሁሉ ነገሬ ተሳስሯል፣ ልሳብ?

አትሳቡ፣ ቢያንስ በሰው። ይሄ የኔ ስህተት ነው። ያልለመዱትን ሥራ ከሠሩ በኋላ፣ ስግደትም ይሁን ከስሜን ተራራ ቁልቁል መውረድ፣ ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል። ሕመሙ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታና ራሱ ይለቃል። ጡንቻው አላጠረም፣ ተጎድቶ እየጠገነ ነው። መሳሳብ ይሄን ብዙም አያፋጥነውም። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ሞቅ ባለ ውኃ መታጠብ፣ በደንብ መብላትና መተኛት ይሻላል። የመሳሳቡ ሥራ ሕመሙ ሲለቅ ይጀመራል።

ረዳቴ በገፋ ቁጥር ጡንቻዬ ይብሱን ይደነድናል

ዋናው ችግር ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚከታተሉ ደቃቅ የስሜት አካላት አሉ። ጡንቻው በድንገት ሲረዝም ወሬውን ወደ አከርካሪ ይልካሉ፣ አከርካሪም አንጎልን ሳያማክር ጡንቻውን "ተኮማተር" ይለዋል። ሐኪም ጉልበታችሁን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርግ እግራችሁ የሚፈናጠረው በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ጓደኛችሁ እየነቀነቀ ወይም እየተጫነ ሲገፋ ከገዛ ጡንቻችሁ ጋር ገመድ ጉተታ ገጥሟል ማለት ነው። እናንተ ደግሞ ጥርስ ነክሳችሁ ትንፋሽ ትይዛላችሁ። ባሰበት!

መፍትሄው እንዲህ ነው። ለቋንጃ እንውሰድ። ወለል ላይ ጋቢ አንጥፉና በጀርባችሁ ተኙ። አንዱ እግር ተዘርግቶ መሬት ላይ ይቅር። ረዳቱ አጠገባችሁ ይንበርከክ፣ አንድ እጁን ተረከዛችሁ ሥር፣ ሌላውን ከጉልበት በላይ ታፋችሁ ላይ ያድርግ። ጉልበቱን ራሱን ወደ ታች አይጫን፣ ትንሽ እጥፍ ቢል ምንም አይደለም። ቀስ ብሎ እግሩን ያንሳ። "አሁን ተሰማኝ" ስትሉ ይቁም። ከ10 ነጥብ ብትሰጡት 4 ወይም 5 መሆን አለበት፣ ፊታችሁ ከተጨማደደ አልፏል።

እዚያው ላይ ተረከዛችሁን ወደ መሬት ለመመለስ ረዳቱን ግፉት። ከአቅማችሁ ሩቡ ወይም ሲሶው ይበቃል። ረዳቱ ዝም ብሎ ይያዝ፣ እግሩ አይንቀሳቀስ። 5 ሰከንድ ያህል። ከዚያ ልቀቁ፣ ረጅም ትንፋሽ አውጡ፣ እግራችሁን ልክ የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ጣሉለት። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ሳይገፋ፣ እግሩ ትንሽ ወደ ላይ ይሄድለታል። ያገኘውን ብቻ ይውሰድና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይቆይ። ሁለት ሦስት ጊዜ መድገም በቂ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሠራው የአክስቴ ልጅ "ምን አደረግኩ? ምንም አላደረግኩም እኮ" ብሎ ግራ ገባው።

ይሄ ዘዴ ፒኤንኤፍ ከሚባለው ሕክምና የመጣ ነው። ኸርማን ካባት የሚባል ሐኪምና ማርጋሬት ኖት የምትባል ፊዚዮቴራፒስት በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጀመሩት፣ ፖሊዮና ሌላ የነርቭ ችግር ላለባቸው ሕሙማን ነበር። ስፖርተኛው ኋላ ነው የወረሰው።

ጠዋት ሲሆን አልሳብ ይለኛል

ስላልሞቃችሁ ነው። የጎንደር ጠዋት፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ አለው። ከአልጋ ወርዳችሁ ቀጥታ "ሳበኝ" ካላችሁ የቀዘቀዘ ጡንቻ እየታገላችሁ ነው። መጀመሪያ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ወደ ጎሃ አቀበቱን የሚወጣ ሰው ግማሽ ሳይደርስ ሞቆታል።

ኳስ ልትጫወቱ ከሆነ ግን ረጅሙን መሳሳብ ከጨዋታው በኋላ አድርጉት። ከሩጫ በፊት አንድን ጡንቻ ከደቂቃ በላይ ወጥሮ ማቆየት ጉልበቱን ለጊዜው ቀነስ ያደርገዋል።

ሲስቡኝ እግሬ ድረስ ይነዝረኛል

ጡንቻ ሲሳብ ሥጋው መሃል ላይ ሰፋ ያለ መወጠር ይሰማል፣ ያውም ደስ የሚል። መንዘር፣ ማቃጠል፣ መደንዘዝ ወይም ከቂጥ ተነስቶ እስከ እግር ጣት እንደ ኤሌክትሪክ የሚወርድ ስሜት ግን የነርቭ ነው። ብዙ ጊዜ ረዳቱ እግሩን አንስቶ የእግር ጣቶችን ደግሞ ወደ ፊታችሁ ሲጎትት ይመጣል። ጣቶቹን ይልቀቅ፣ ጉልበታችሁን እጠፍ አድርጉ፣ እግሩን ዝቅ ያድርግ። ከጠፋ በዚያው ልክ ቀጥሉ።

ካልጠፋ አቁሙ። "ሥር ዞሮ ነው፣ ይታሽ" የሚል አይጠፋም፣ እናንተ ግን በቅቤ አታሳሹት። ነርቭን መጎተት ያስቆጣዋል እንጂ አያላላውም። ፊዚዮቴራፒስት ይየው። እንደ ዕድል ሆኖ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን የሚያሠለጥን ስለሆነ፣ እዚህ ከተማ ባለሙያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለም።

የሚስበኝ ሰው የለም

መቀነት አለ። ቀልድ አይደለም። የእናቴ መቀነት በገበያ ከሚሸጠው የስፖርት ማሰሪያ ይሻላል፣ ሰፊ ነው፣ አይለጠጥም፣ እጅ አይቆርጥም። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ መሃሉን ከእግር መዳፍ ሥር አሳልፉ። ክርናችሁን መሬት ላይ አሳርፉት፣ አለበለዚያ ትከሻችሁ ይደክምና እግራችሁን ትታችሁ እጃችሁን ማሸት ትጀምራላችሁ። ያንኑ ሥሩ፦ መቀነቱን በእግር ግፉ፣ 5 ሰከንድ፣ ልቀቁ፣ የላላውን ሰብስቡ።

ለባት ደግሞ ቁጭ ብላችሁ እግር ዘርግታችሁ መቀነቱን ከጣቶቹ ሥር አድርጉ። እናቴ መጀመሪያ ቀን ስታየኝ "አንተ፣ ወገቤን የማስርበትን እግርህ ላይ!" ብላ ነጠቀችኝ። አሁን የራሴ አለኝ።

አንገቴንና ትከሻዬን ይዞኛል

ሠርግ ላይ እስክስታ የወረደ፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ የነዳ፣ ስልክ ላይ ያጎነበሰ፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛል። አጭር መልስ፦ አንገታችሁን ማንም አይሳብላችሁ። ፀጉር ቤት "ቀጭ" የሚያደርጉላችሁንም ጨምሮ። አንገት ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች አሉ፣ በድንገት መጠምዘዝ ሊጎዳቸው ይችላል።

በራሳችሁ እጅ ግን ይቻላል። ወንበር ላይ ተቀመጡና በቀኝ እጃችሁ የወንበሩን ጠርዝ ያዙ፣ ራሳችሁን ወደ ግራ ዘንበል አድርጉ፣ የግራ እጃችሁን ክብደት ብቻ ራሳችሁ ላይ አሳርፉ። አትጎትቱ።

ማታ ይፈታል፣ ጠዋት ተመልሶ ይታሰራል

መልሶ የሚያስረው ነገር ስላልተነካ ነው። አንድ የሠፈሬ ባጃጅ ነጂ ወገቡን ይዞት በየቀኑ ወንድሙ ቋንጃውን ይስበው ነበር፣ ለውጥ የለም። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል የታሰረው ከፊት፣ ብሽሽቱ አካባቢ ነበር። አልጋ ጠርዝ ላይ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ወደ ደረቱ አቅፎ ሌላውን እግር ወደ ታች ሲያንጠለጥል፣ የተንጠለጠለው ታፋ ከአልጋው በላይ ተንሳፎ ቀረ። ወንድሙ ያንን በእጁ መዳፍ ቀስ ብሎ ዝቅ ያደርግለት ጀመር፣ እሱም በየሁለት ሰዓቱ ከባጃጁ እየወረደ ትንሽ መራመድ። ቀለለው።

በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ለአንድ ጡንቻ በድምሩ 60 ሰከንድ ያህል ይበቃል፣ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። የላላውን ጡንቻ ማጠንከርም አለባችሁ፣ ደካማ ጡንቻ ደጋግሞ ይታሰራል።

ባቴን ድንገት ጨመደደኝ

ይሄኛውን ሁላችሁም አይታችኋል። ፋሲል ከነማ ሲጫወት ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ተጫዋቹ ይወድቃል፣ ሌላው እየሮጠ መጥቶ የእግሩን ጣቶች ወደ ፊቱ ይገፋለታል። ልክ ነው። ጉልበት ይዘርጋ፣ ጣቶች ወደ ቅልጥም ይምጡ፣ እስኪለቅ ይያዝ። ሌሊት ብቻችሁን ከያዛችሁ ውረዱና ተረከዛችሁን መሬት አስነክታችሁ ቁሙ።

በፍጹም የማይሳብ

ጧ ብሎ የጠቆረ ወይም ያበጠ፣ እንደኔ ያለው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሳብም፣ አይታሽም። ነፍሰ ጡሮች መገጣጠሚያቸው ስለሚላላ እስከ መጨረሻው ድረስ አይገፉ፣ ቀለል ያለው ይበቃቸዋል። አጥንት የሳሳባቸው አረጋውያንም እንዲሁ።

አንዱን ግን ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣችሁ መጥታችሁ፣ ወይም ታማችሁ ተኝታችሁ ከርማችሁ፣ አንደኛው ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ፣ ሲነካም ካመመ፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። ማሸትም መሳብም ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ወጌሻ ቤት አትሂዱ፣ "እስከ ነገ ልየው" አትበሉ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግቡ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ሰዓትም አትጠብቁ።