ቀረሶን በወይራ አጥኖ በኤር ፍራየር እንዴት ማብሰል ይቻላል?

ኤር ፍራየር ዓሣ አያጥንም። ሥራው የጋለ አየርን በማራገቢያ እያሽከረከረ የምግቡን ላይ ማድረቅና ማብሰል ብቻ ነው። በቅመም ብቻ የታጠነ ዓሣ ለማግኘት የሚደክም ሰው የሚያወጣው ጥብስ ነው፤ ጥሩ ጥብስ ሊሆን ይችላል፣ የታጠነ ግን አይደለም። ከዚያ የከፋው ደግሞ የሚጨስ እንጨት ቅርጫቱ ውስጥ መክተት ነው። ማራገቢያው ፍሙን አራግቦ ዕቃውን ያቃጥላል፣ ቤቱንም ለአደጋ ያጋልጣል። ጭሱ በደጅ፣ በከሰል ምድጃ ላይ ይሰጣል፤ ኤር ፍራየሩ የሚመጣው ለማጠናቀቂያ ነው።

ደግነቱ ጎጃም ውስጥ ማጠን የሚባለው ነገር አዲስ አይደለም። የጠላ ጋንና የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያላየ ማን አለ? እዚህም የምንሠራው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጋኑ ታጥቦ የደረቀ፣ ዓሣው ግን ውሃ የሞላበት መሆኑ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የሚበላሸው ነገር አብዛኛው ከዚያ ውሃ ይመጣል።

ዓሣውን መምረጥ

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ከሚሸጠው ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚመቸው ቲላፒያ የሚባለው ቀረሶ ነው። እያንዳንዱ ከ350 እስከ 450 ግራም የሚሆን ሁለት ዓሣ ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠው ከነጭንቅላቱ ቅርጫት ውስጥ አይገባም። አምባዛ ስብ ስላለው ጭስ ይቀበላል፣ ነገር ግን ቅርፊት የሌለው ቆዳው ልጋግ አለበት፤ በጨው ታሽቶ በደንብ መታጠብና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ቁራጭ መከፈል አለበት። ነጭ ዓሣ የሚባለው ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ሥጋው ውስጥ የተበተነው ቀጫጭን አጥንት ግን ትዕግሥት ይፈታተናል፣ ልጆች ላሉበት ማዕድ አልመክረውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ይህ ዓሣ እንቁላል ለመጣል እንደ ግልገል ዓባይ ወዳሉ ወንዞች የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሆዱ በእንቁላል የተወጠረውን ባይገዙ ለሐይቁም ለነገም ገበያ ይበጃል።

ትኩስነቱን ከዓይኑ ይጀምሩ፤ ጥርት ያለና ጎላ ያለ መሆን አለበት። በጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጠው ሲያዩ ውስጡ ደማቅ ቀይ ይሁን። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ካልቀረና ተመልሶ ከሞላ ይግዙት። ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆነው በረዶ የሆነ ዓሣ የሚገዙ ከሆነ ከዋዜማው ማታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩትና እዚያው ይሟሟ፤ ጠረጴዛ ላይ አያቆዩት።

አጽጂው ዘንድ ሲደርሱ አንድ ነገር አስቀድመው ይናገሩ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ዝም ካሏቸው ዓይንዎ ሳይርገበገብ ቆዳውን ገፈው ፊሌቶ አድርገው ያስረክብዎታል። እኛ የምንፈልገው ቅርፊቱ ብቻ ተልጦ፣ ሆድ ዕቃውና በጭንቅላቱ ጎን ያለው ቀይ መተንፈሻ ወጥቶ፣ ቆዳው ግን እንዳለ እንዲቆይ ነው። ጭሱ የሚያርፈውም ወርቃማውን ቀለም የሚይዘውም ቆዳው ነው። ሆዱ ውስጥ አከርካሪውን ተከትሎ ያለውን ጥቁር ደም በጥፍርዎ ወይም በማንኪያ ጫፍ ፍቀው ያውጡ፤ እሱ ከቀረ መራራ ይሆናል።

ጨው

በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 3 ሙሉ የሾርባ ማንኪያ ጨው ያሟሙ። የዓሣውን ሁለቱንም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ እስከ አጥንቱ ድረስ ሸንትረው ለ45 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ሎሚ እዚህ ላይ አይግባ። ዓሣ ሲባል እጃችን ወዲያው ወደ ሎሚ ይሄዳል፣ ግን በሎሚ የተዘፈዘፈ ሥጋ ላዩ ነጥቶ ይልማል፤ ሎሚው ለማዕድ ይቆይ። ጊዜው ሲሞላ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ያውጡት።

ማድረቅ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። እርጥብ ዓሣ ላይ ጭስ ሲያርፍ ከውሃው ጋር ተደባልቆ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፣ ጣዕሙም ይመርራል። ስለዚህ ዓሣውን ከውስጥም ከውጭም በንጹሕ ጨርቅ መጥምጠው ያድርቁ። ከዚያ በሽቦ መደርደሪያ ላይ ሳይደራረብ ዘርግተው፣ ምንም ሳይሸፍኑ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት። ሲያወጡት ቆዳው አብረቅርቆ፣ ጣት ሲያሳርፉበት ትንሽ ያዝ የሚያደርግ ይሆናል፤ እርጥብ አይደለም፣ ደረቅም አይደለም። ጭስ የሚወደው ይህን ነው።

ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር፣ ዝንብ እንዳያርፍበት በስስ ሻሽ ሸፍኖ ማድረቅ ይችላል፤ ግን በባሕር ዳር ሙቀት ከአንድ ሰዓት አይለፍ። ፀሐይ ላይ አውጥቶ መርሳት ሌላ ሥራ ነው፤ እሱ ቋንጣ ነው፣ የራሱ የጨው መጠንና የራሱ ጥንቃቄ አለው።

ማጠን

ለዚህ የማይሳሱለት አሮጌ ወፍራም ድስትና ክዳኑ፣ ድስቱ ውስጥ የሚገባ የሽቦ መደርደሪያ፣ አልሙኒየም ፎይልና አንድ እፍኝ ደረቅ የወይራ ፍላጭ ያስፈልጋል። ሥራው በደጅ ይሁን። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው፤ በረንዳ ላይ ከሆነም ሁለት ጎኑ ክፍት ይሁን።

የድስቱን ታች በፎይል ያልብሱና ፍላጩን በትኑበት። ፍላጩ የጣት ውፍረት ከሚኖረው ይልቅ ሁለት ሦስት የክብሪት እንጨት አንድ ላይ የሚያህል ቢሆን ይሻላል፤ ወፍራሙ ሳይጨስ ይቆያል። በፍላጩ ላይ ሌላ ፎይል ዘርጋ አድርገው የዓሣው ጠብታ እንዳይደርስበት ይከልሉት፣ ጎን ለጎን ግን ጭሱ የሚወጣበት ክፍተት ይተዉ። ክዳኑን ገጥመው በፋመ ከሰል ላይ ይጣዱ። መጀመሪያ የሚወጣው ጭስ ነጭና ድፍን ነው፣ ዓይን ያቃጥላል፤ እሱ ይለፍ። ከድስቱ ጠርዝ የሚያመልጠው ጭስ ስስና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሲሆን፣ ያኔ ዓሣውን በመደርደሪያው ላይ አድርገው ያስገቡና ይክደኑ። ከሰሉን ቀንሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። በየመሐሉ ክዳን መክፈት ጭሱንም ሙቀቱንም ያባክናል፤ አንድ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ማየት ይበቃል። ቆዳው የማር ዓይነት ቀለም ሲይዝ ይውጣ።

ወይራ ያልተገኘ እንደሆነ የግራር ፍላጭ ይሠራል። ባሕር ዛፍና ጥድ ግን አይሁን፤ ዘይታቸውና ሙጫቸው ምግቡን መድኃኒት መድኃኒት ያሰኘዋል። ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም የኮምፔንሳቶ ቁራጭማ ለምድጃም አይመከርም።

እዚህ ላይ ዓሣው የበሰለ ይመስላል፣ ሽታውም ያስጎመጃል። አይቅመሱት። ጭሱ ላዩን እንጂ ውስጡን በእርግጠኝነት አላበሰለም።

ኤር ፍራየሩ ላይ

ዕቃው በአብዛኛው 1,500 ዋት አካባቢ ይስባል። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር አይሰኩት፣ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድም አይመኑ፤ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ይሁን።

ባዶውን በ180 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ ያሙቁት። የዓሣውን ቆዳ በዘይት ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ለሁለቱ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ያልተጣራ የኑግ ዘይት በዚህ ሙቀት ቶሎ ስለሚጨስ የተጣራ ዘይት ይጠቀሙ። የጅራቱን ጫፍ በፎይል ይጠቅልሉ፣ አለበለዚያ ከሁሉ ቀድሞ ይከስላል። ሁለቱ ዓሣዎች እንዳይነካኩ አድርገው አስተኝተው በ180 ዲግሪ ለ6 ደቂቃ ያብስሉ፣ በሰፊ ማንሻ በጥንቃቄ ገልብጠው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። የመጋገሪያ ወረቀት ቢያነጥፉ ዓሣው በላዩ ላይ ይሁን፤ ባዶ ወረቀት ማራገቢያው አንሥቶ ከማሞቂያው ጋር ያገናኘዋል።

መብሰሉን ከጭንቅላቱ ኋላ ባለው ወፍራም ቦታ ይፈትሹ። በሹካ ሲነኩት ሥጋው ተገምሶ ከአጥንቱ ከለቀቀ፣ መሐሉም ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ ከሆነ ደርሷል። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 63 ዲግሪ ሲያይ ያውጣ። አምባዛው በየጎኑ 6 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

በመሐል መብራት ቢጠፋ አይደንግጡ፤ የማጠኛው ከሰል ገና አልጠፋም። ዓሣውን በብረት ምጣድ ላይ አድርገው ክዳን ደፍተው ይጨርሱት። ከሰሉን ለዚህ ሲባል እስከ መጨረሻው አለማጥፋት ይሻላል።

ታጥኖና በስሎ የሚሸጥ ዓሣ ካገኙ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በ160 ዲግሪ ከ5 እስከ 6 ደቂቃ ማሞቅ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እንደ ገመድ ይሆናል።

ማዕዱ

ከኤር ፍራየሩ ሲወጣ 3 ደቂቃ ይረፍ፣ ከዚያ ሎሚው ይጨመቅ። በጭስ የታጠነ ዓሣ ብዙ ቅመም አይሻም፤ ሚጥሚጣውን አብዝቶ የሚነሰንስ ሰው የለፋበትን የወይራ ጣዕም ያጠፋዋል። በእኔ ምርጫ በአንድ በኩል ከቡሬ በርበሬ የተሠራ አዋዜ፣ በሌላው በኩል በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የተደለዘ የቃሪያ ዳጣ ቢቀርብ፣ እያንዳንዱ እያጠቀሰ ይብላ። ከነጭ ጤፍ እንጀራ ጋር ይስማማል፤ ከትኩስ ድፎ ዳቦ ጋር ግን ይበልጣል፣ ምክንያቱም ዳቦው ቅባቱን ይጠጣል።

ቅርጫቱን ሳያሳድሩ በሞቀ ውሃና ሳሙና ይጠቡ። ሽታው ካልለቀቀ ግማሽ የተጨመቀ ሎሚ አስገብተው ለ3 ደቂቃ ያስነሡት።

የተረፈው ለ2 ቀን ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ስለታጠነ ብቻ ከደጅ ሰቅለው ማቆየት አይቻልም፤ የ20 ደቂቃ ጭስ ጣዕም ነው እንጂ መጠበቂያ አይደለም። በማግስቱ አጥንቱን ለቅመው ሥጋውን በጣት ይፈርፍሩ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ በትንሽ ዘይት አቁላልተው ከእንጀራ ፍርፍር ጋር ያዋሕዱት፤ ጨው ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱ፣ ዓሣው የራሱን ይዞ መጥቷል።