የሚያርፍ ሰው አልጋ አጠገብ ስትቀመጡ

በሉተራን ማኅበረ ምዕመናናችን በሽተኛ ጠያቂ ከሆንኩ 16 ዓመት አለፈኝ። ቄስ አይደለሁም፤ ሥነ መለኮትም አልተማርኩም። ሆኖም «ሊያርፉ የተቃረቡ ሰው ጋ ሄጄ ምን ልበል?» እያለ የሚደውልልኝ ብዙ ነው። አዲስ ነገር አትበሉ፤ እሁድ እሁድ አብራችሁ ስትሉ የኖራችሁትን በሉ እላለሁ።

ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት ልጠይቅ ስሄድ ስለ ትንሣኤ ሦስት ገጽ ጽፌ ይዤ ነበር። ቁጭ ብዬ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ነበሩ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላወቅሁም። ወረቀቴን አጣጥፌ ልነሳ ስል፣ ዝም ብዬ መውጣት ከብዶኝ «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩ። «መንግሥትህ ትምጣ» ላይ ስደርስ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ለሁለት ቀን ቃል ያልወጣቸው ሴት ነበሩ። ድምፅ አልነበረውም፤ «አሜን» ላይ ግን ከኔ ቀደሙ። ሦስቱ ገጾች እስከዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ ዳግመኛ አልተጠቀምኩባቸውም።

እንግዲህ ከመሄዳችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ፤ የትኛውን መዝሙር ይወዱ ነበር? በልጅነታቸው በቃል ያጠኑት ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያናችን መሥራች የማርቲን ሉተር ትንሹ ካቴኪዝም (የእምነት መማሪያ መጽሐፍ፣ 1529) የማታ ጸሎት አለው፤ ሥጋዬን፣ ነፍሴን፣ ያለኝን ሁሉ በእጅህ አደራ እሰጣለሁ ይላል። ልጅ ከመተኛቱ በፊት እንዲለው የተጻፈ ነው። በዚያ ያደገ ሰው የመጨረሻውን ጸሎት ሲለማመድ ኖሯል ማለት ነው። ሉተር ራሱም በ1546 ሊያርፍ ሲል ደጋግሞ ያለው ያንኑ የመዝሙር ቃል ነበር፦ «በእጅህ ነፍሴን አደራ እሰጣለሁ»።

ቄሱን ቀድማችሁ ጥሩ። ሰው ጭንቅ ሲበዛ ብቻ ነው የሚደውለው፤ ያኔ በሽተኛው መዋጥም መናገርም ያቅተዋል። መናዘዝ፣ የኃጢአቱን ስርየት በጆሮው መስማት፣ ቅዱስ ቁርባን መቀበል የሚፈልግ ሰው አፉና ጉሮሮው እየታዘዘው ሳለ ይሁን። መዋጥ ከከበደው ትንሽ ቁራሽ ይበቃል፤ ቄሱ ያውቁበታል። ሉተር በ1519 ስለ መሞት መዘጋጀት ሲጽፍ መጀመሪያ ያነሳው የንብረትን ጉዳይ ነው፤ ቀጥሎ የበደሉንን ይቅር ማለትን። እኔም ኑዛዜውና ውርሱ አልቆ እንደሆነ ቤተሰቡን በዘዴ እጠይቃለሁ። የተቋጠረ ጉዳይ ያለበት ሰው «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ሲነበብለት እንኳ ልቡ ሌላ ቦታ ነው።

«ቄሱ ሳይደርሱ ቢያርፉስ?» ይሉኛል። በእኛ ትምህርት ለሞት የተለየ ምሥጢር የለም፤ ጥምቀታቸው ይበቃል። ግንባራቸው ላይ በጣታችሁ የመስቀል ምልክት አድርጉ፤ በጥምቀታቸው ቀን እንደተደረገላቸው። ያልተጠመቀ ሰው ልጠመቅ ካለና ቄስ ካልተገኘ፣ ማንኛውም ክርስቲያን በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም በውኃ ያጠምቀዋል፤ በኋላ ለቄሱ ይነገራል።

አልጋው ጋ ስትደርሱ ወንበር ስባችሁ ፊታችሁ ከፊታቸው እኩል እንዲሆን ተቀመጡ። «አባባ፣ እኔ ነኝ» ብላችሁ ስማችሁን ተናገሩ። እንደሚሰሙ ቁጠሩ። አጠገባቸው ቆማችሁ «ስንት ቀን ይቆያሉ?» አትባባሉ። ከንፈር ሲደርቅ በረጠበ ጨርቅ ማርጠብ ነው እንጂ ውኃ አፍ ውስጥ አይፈስም፤ ትን ይላቸዋል። ትንፋሽ ለረጅም ጊዜ ቆሞ እንደገና ሲጀምር ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ በዚህ ሰዓት የሚከሰት መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ትንፋሹ ጉሮሮ ውስጥ ሲያንኮራፋ ወይም ሲንኮራኮር ነርሷን ጥሩ፤ ብዙ ጊዜ በጎን ማዞር ያቀልለዋል።

ከዚያ በኋላ ብዙው ሥራ ዝምታ ነው። አንድ መዝሙር፣ እጅ ይዞ መቀመጥ፣ ደግሞ «አባታችን ሆይ»። ዘመዶች አብረው ይበሉ፤ የሚያለቅሰውም ጭምር። መጨረሻው ሲቃረብ እኔ ሕፃኑን ኢየሱስን ያቀፈውን የስምዖንን ቃል እላለሁ፦ «ጌታ ሆይ፥ አሁን እንደ ቃልህ ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ»። በብዙ ሉተራውያን ዘንድ ከቁርባን በኋላ የሚዘመር ነው፤ ሰውየው ከማዕድ ሲነሳ ስንት ጊዜ ብሎት ይሆን። ከዚያ ከእሁዱ ስንብት ቡራኬ «እግዚአብሔር ይባርክህ ይጠብቅህም» የሚለውን፣ እጄን ራሳቸው ላይ አድርጌ።

ካረፉ በኋላ ለመነሳት አትቸኩሉ። ስትወጡም ስልካችሁ ላይ አንድ ቀን መዝግቡ፦ ከቀብሩ ሦስት ሳምንት በኋላ። ያን ቀን ለባለቤታቸው ደውሉና እሁድ አብራችሁ እንደምትቀመጡ ንገሯቸው።