የጭላዳው ገጽ ከመሰረዝ እንዴት ተረፈ

በአማርኛ ዊኪፒዲያ ስለ ጭላዳ በጻፍኩት ገጽ ላይ አንድ አርታኢ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። ልክ ነበር። ሁለት አንቀጽ ከመጽሐፍ ቃል በቃል ገልብጫለሁ፤ ምንጩን ከግርጌ መጥቀሴ የሚበቃ መስሎኝ። ምንጭ መጥቀስ ግን ፈቃድ አይሆንም። ቃላት መለዋወጥም አላዋጣም፤ መጽሐፉን ዘግቼ፣ መረጃውን ብቻ ይዤ (ሣር በል መሆኑን፣ ደረቱ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት) ከባዶ ጻፍኩት።

የቀረውን ከእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ነበር የተረጎምኩት። ፈቃዱ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 (CC BY-SA 4.0፣ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ) ስለሆነ መተርጎም ይቻላል፤ ጸሐፊዎቹ ግን መጠቀስ አለባቸው። ያንን ዘንግቼው ነበር። ገጹን ከፍቼ ትንሽ ለውጥ አደረግሁና ለውጡ በሚገለጽበት የማጠቃለያ ሳጥን ከየትኛው ገጽ እንደተረጎምኩ ከነሊንኩ ጽፌ አስቀመጥኩ።

ማስጠንቀቂያውን ራሴ አላነሳሁም። በውይይት ገጹ ያስተካከልኩትን ዘርዝሬ፣ አርታኢውን አመስግኜ ጠበቅኩ። በማግስቱ እሱው አነሳው።