ቲቪውን ከመቀየራችሁ በፊት

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ማርቆስ አንድ ጓደኛዬ ባለ 43 ኢንች ቲቪውን ሸጦ ባለ 55 ሊገዛ ሲል ለመንኩት፦ መጀመሪያ ድምፁን አስተካክል። የዛሬ ቲቪ ቀጭን ስለሆነ ስፒከሩ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጮኸው ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ነው። ሰው ሲያወራ ድምፅ ጨምራችሁ፣ ተኩስ ሲመጣ ለመቀነስ ሪሞት ፍለጋ የምትሯሯጡ ከሆነ ችግሩ ስክሪኑ አይደለም። ፊልም ላይ ንግግሩን በአብዛኛው የሚሸከመው የመሃል ስፒከር ነው። ስለዚህ ሳውንድባር (ከቲቪው ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ስትገዙ 2.1 ሳይሆን 3.1 የሚለውን ፈልጉ፤ 2.1 ግራና ቀኝ ብቻ ሲሆን 3.1 የመሃሉንም ይጨምራል፤ ሁለቱም ላይ .1 የሚለው የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ ነው። ቲቪው ላይ አርክ (ARC) ተብሎ በተጻፈው የኤችዲኤምአይ (HDMI) ቀዳዳ ሰኩት።

ከሁሉም በፊት ግን ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ከግድግዳ ግድግዳ ከተንጫጫ፣ ሊሾው ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል። የጓደኛዬ ቤት እንዲያ ነበር፤ ምንጣፍ ብቻ አንጥፈን ንግግሩ ጠራ። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ምንም አያድንም፤ የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱ።

የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ ስታቢላይዘር ሳይኖር ውድ ዕቃ አትሰኩ። ከሦስት ሜትር ርቃችሁ የምትቀመጡ ከሆነ ደግሞ በ43 ኢንች ላይ 4ኬ የሚባለው የምስል ጥራት ዝቅ ካለው ከፉል ኤችዲ ብዙም አይለይም።