ወጣቱን ማንዴላ ደሴ መድረክ ላይ ማውጣት ለምትፈልጉ

ሰሞኑን ሁለት የደሴ ልጆች ስለ ማንዴላ የወጣትነት ፖለቲካ ተውኔት ልንሠራ ነው፣ ከየት እንጀምር ብለው ጠየቁኝ። ፒያሳ ቁጭ ብለን ሻያችን እስኪቀዘቅዝ አወራን። ያልኳቸውን ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱን እርሱት። ሽበታሙን፣ ቀስ ብሎ የሚናገረውን፣ በ1994 ቃለ መሐላ የፈጸመውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ተመልካቹ መጨረሻውን ያውቃል፤ መድረኩ ላይ ያለው ልጅ ግን ምንም አያውቅም። ተዋናዩ የሽማግሌውን ድምፅ መኮረጅ ከጀመረ ተውኔቱ እዚያው ሞተ በሉት። እኔ ባየሁት አንድ የትምህርት ቤት ዝግጅት ልጁ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር። ጎበዝ ተዋናይ ነው፣ ግን እንዲፈራ፣ እንዲሳሳት፣ እንዲራብ ማንም አልፈቀደለትም።

ዘመኑን ከ1941 እስከ 1962 ቁረጡት። ከዚያ አትለፉ። በ1941 አሳዳጊው ሚስት ሲያጩለት ጠፍቶ ጆሃንስበርግ ገባ፤ ወርቅ ማውጫ በር ላይ ዘበኛ ሆነ። ይሄ ለወሎ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከጋብቻ ሽሽት ከተማ የገባ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

ከዚያ ኮቱ ይመጣል። የጥብቅና ቢሮ ሥራ ሲያገኝ አሠሪው አሮጌ ሙሉ ልብሱን ሰጠው፤ እሱን እየጣፈ አምስት ዓመት ያህል በየቀኑ ለበሰው። ይሄን በፍጹም እንዳትለቁት። ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ ከሰልባጅ ሰፋ ያለ ኮት ግዙ፣ ትከሻው ላይ ትንሽ የሚወርድ። በየትዕይንቱ መሃል አንድ ጥጋኝ ጨምሩበት። በ1952 ከትግል ጓዱ ከኦሊቨር ታምቦ ጋር የራሱን የጥብቅና ቢሮ ሲከፍት አሳምሮ ይልበስ። መጨረሻ ላይ ካኪ። ሃያ ዓመት በልብስ ብቻ ያልፋል፤ ተራኪ ወጥቶ «ከዓመታት በኋላ» እያለ ተመልካቹን አያሰልችም።

ለመንገዱ ትዕይንት መድረኩን ልቀቁት። በ1943 አሌክሳንድራ በሚባለው ሰፈር የአውቶቡስ ዋጋ ከአራት ፔኒ ወደ አምስት ፔኒ ተጨመረ። ሕዝቡ አንሳፈርም ብሎ በእግሩ ሄደ፤ አውቶቡሶቹ ዘጠኝ ቀን ባዶአቸውን ዋሉና ዋጋው ተመለሰ። ማንዴላም አብሮ ተጓዘ። ተዋናዮቹ ከአዳራሹ በር ገብተው በተመልካቹ መሃል ይለፉ። የእግር ድምፅና ጭብጨባ ይበቃል፣ ሙዚቃ አትጨምሩ። የታክሲ ሒሳብ ሲጨመር ከቧንቧ ውሃ እስከ ሆጤ በእግሩ የሄደ ሰው ይሄ ምን እንደሆነ ያውቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ቋንቋው። ሰዎቹ በእንግሊዝኛና በኮሳ ነበር የሚያወሩት፣ እናንተ ግን በአማርኛ ነው የምትጽፉት። ስለዚህ እንግሊዝኛ የሌለው መሣሪያ እጃችሁ ላይ አለ፦ አንተ፣ አንቱ፣ እሱ፣ እሳቸው። ግማሹን ፖለቲካ በእነዚህ መናገር ትችላላችሁ።

ለምሳሌ ሌላው የትግል ጓዱ ዋልተር ሲሱሉ። ከማንዴላ ስድስት ዓመት ይበልጣል፤ ሥራው ቤትና መሬት ማሻሻጥ ነበር። ማንዴላ መጀመሪያ ሲያየው ዲግሪ ያለው መስሎት ነበር፣ በኋላ ግን ትምህርቱን ገና በልጅነቱ እንዳቋረጠ ሲሰማ ገረመው። መጀመሪያ «አንቱ» ይበለው። ሲሱሉ ራሱ ሳቅ ብሎ «አንተ በለኝ ወንድሜ» ይበለው። ጓድነታቸው እዚያ ይጀምራል።

ከሁሉም የምወደው ግን የ1949ኙ ሌሊት ነው። ዶክተር ዙማ የኮንግረሱ፣ ማለትም የእነ ማንዴላ ድርጅት የኤኤንሲ፣ ፕሬዚዳንት ናቸው፣ የተከበሩ ሐኪም (የኋላው ፕሬዚዳንት ጃኮብ ዙማ አይደሉም፣ ስሙ ተመልካች እንዳያደናግር አንድ ቦታ «ዶክተር አልፍሬድ» አስብሉ)። ወጣቶቹ፣ ሲሱሉ፣ ታምቦና ማንዴላ፣ ዶክተሩ ቤት ሄደው አድማ፣ ከሥራ መቅረት፣ ሕግ መጣስና መታሰርም ይኑር አሏቸው። ካልተቀበሉ በምርጫ እንደማይደግፏቸውም ነገሯቸው። ሰውዬው ተቆጡ። ሌሊቱ ገፍቷል፣ ጨረቃ የለም፣ በሩን አሳዩአቸው። የወጣቶቹ ሰፈር ኦርላንዶ ደግሞ ሩቅ ነው፣ ትራንስፖርት ቆሟል። ሲሱሉ በአቅራቢያው የሚያውቀው ቤተሰብ ስለነበር እዚያ አደሩ።

እንዴት ትጽፉታላችሁ? ቤት ውስጥ ወጣቶቹ አንዲት ጊዜ እንኳ «አንቱ»ን አይጣሉ። ጎንበስ ብለው፣ «አባታችን» ብለው ነው ሰውዬውን ከወንበራቸው የሚያወርዷቸው። እኛ አገር ታናሽ ለታላቅ ከባድ ነገር የሚናገረው እንደዚያ ነው፤ ድምፁን ከፍ ካደረገ ተሸነፈ። ውጭ ብርዱ ላይ ሲቆሙ ግን አንዱ «እሱኮ ቢያንስ መኪናውን ቢሰጠን» ይበል፣ ሌላው «እሳቸው በል» ብሎ ያርመው። ከዚያ ዝም። የጦሳን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ተዋናይ እጁን ብብቱ ውስጥ ለመክተት አዘጋጅ አያስፈልገውም። በታኅሣሥ ጉባኤ ዶክተር ዙማ ተሸንፈው ሌላ ሐኪም፣ ዶክተር ሞሮካ፣ ተመረጡ፤ ሲሱሉ ዋና ጸሐፊ ሆነ። ማንዴላ ከሥራው ፈቃድ ስላላገኘ ጉባኤው ላይ አልነበረም። ስለዚህ ምርጫውን አታሳዩ። ቢሮ ቁጭ ብሎ ወሬ ሲጠብቅ አሳዩት።

የመጀመሪያ ሚስቱን ኤቭሊንን አትርሷት። ነርስ ናት፣ ቤቱን በደመወዟ የደገፈች። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሌሊት ነበር የሚገባው፣ እናም ትልቁ ልጃቸው ቴምቢ አንድ ቀን እናቱን አባባ የሚኖረው የት እንደሆነ ጠየቃት። ይሄን ትዕይንት ከሦስት ደቂቃ አታስበልጡት። መሲንቆ ካላችሁ እዚህ ጋ፣ ትዝታ፣ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ። እሷን ነዝናዛ አድርጎ የጻፈ ሰው ተውኔቱን አበላሽቷል፤ ጥያቄዋ እውነተኛ ነው።

ሌላ የማይታለፍ፦ በ1953 ማንዴላ የመንግሥት የእገዳ ትእዛዝ ስለነበረበት ስብሰባ ላይ መናገር አልቻለም፣ ንግግሩን ሌላ ሰው አነበበለት። አንባቢውን መሃል አቁሙት፣ ማንዴላን ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ። የ1956ቱን የክህደት ክስ ደግሞ 156 ሰው ስለተከሰሰበት መድረክ ላይ አትሞክሩት፤ በሽቦ የታጠረ አንድ ጥግና የስም ጥሪ ይበቃል።

የእኛ አገር ክፍል አጭር ይሁን። አውቃለሁ፣ ማርዘም ያምራችኋል። በ1962 ከካርቱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሳፈር አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ ደነገጠ፤ ከዚያ በፊት ጥቁር አብራሪ አይቶ አያውቅም። ድንጋጤውን አሳዩ፣ ኩራቱን ለተመልካቹ ተዉለት። ከዚያ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ሰፈር፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ። እዚያ ስድስት ወር ውትድርና ሊሠለጥን ታስቦ ነበር፣ ከአገሩ ቶሎ ና የሚል ጥሪ መጣ። ሲሄድ ኮሎኔሉ ሽጉጥ ሰጡት። እሱን ተቀብሎ ይውጣና መብራቱን አጥፉ። ነሐሴ ላይ መያዙን፣ 27 ዓመት መታሰሩን አትተርኩ።

ለሥራው ሰባት ተዋናይ ይበቃችኋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ክብ ሠርታችሁ አንብቡ ብቻ፣ አትነሱ። ያለ ማይክ ተለማመዱ፣ መብራት ሲሄድ ትዕይንቱ እንዳይቆም ሁለት ጥሩ ባትሪ መድረክ ዳር ይኑር። የዶክተሩ ቤት ሌሊት እንዲያውም በባትሪ ያምራል። ደሴ ላይ ከማሳየታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ አሳዩት። የፋብሪካ ሠራተኛ የአውቶቡሱ ትዕይንት ላይ ካጉረመረመ ልክ ናችሁ፣ ዝም ካለ ቃለ ተውኔቱን እንደገና ጻፉት። ስትወርዱ ደግሞ ኮቱን በእጅ ያዙት። ሚኒባስ ጣራ ላይ ከተጫነ ጥጋኙ ይላቀቃል።